ቻንዳ ፈተናውን እስኪጨርስ

የልጅ ልጄ ሀያት ባለፈው ሐሙስ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ አራቱን ፎቅ ሮጣ ነው የወጣችው። እኔ ያንኑ ደረጃ ሁለት ጊዜ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬ ነው የምጨርሰው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ጉልበቴ እንደ አሮጌ መኪና ፍሬን ያፏጫል። ልጄ ሰዓዳ በእግር መውጣት ለጤና ጥሩ ነው ትለኛለች፤ እሷ ምን ቸገራት። ሀያት ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ ለእማዬ ግን ገና እንዳይነግሯት" አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ብዙ ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነው የሚከተለው። ፊቷን ሳይ ግን ለሳቅ ያዘጋጀሁትን አፌን መለስኩት።

ነገሩ ይህ ነው። ሀያት ዘንድሮ ሜንተር ሆናለች። ከውጭ አገር ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ አንድ የአገር ልጅ ይመደብለታል፤ የታክሲውን ወረፋ፣ የካፌውን ሰዓት፣ የትኛው አስተማሪ እንደሚቆጣ የሚያሳየው። ለእሷ የደረሰቻት አሊን የምትባል የብሩንዲ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ምሳ ትበላለች፤ አማርኛዋ ከእኛ ማዕድ የተለቀመ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድማ የለመደችው "በቃኝ" ማለትን ነው። ያን ቀን ጠዋት የአሊን ወንድም ከአገሩ ለሀያት ደወለላት። እናታቸው ሞተዋል። አሊን የዓመቱን ፈተና እስክትጨርስ፣ ማለትም እስከ መጪው ረቡዕ ድረስ፣ እንዳትሰማ አደራ አላት። ሀያት ይህን ከነገረችኝ በኋላ፣ "ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?" አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካለው ሰው ጋር ነበር የተቀመጠችው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው ያን መልስ ይዤ ስዞር። "አሁኑኑ ንገሪያት፤ ቀሚስሽን ሳትቀይሪ ሂጂና ንገሪያት" አልኳት። ድምፄ ተለውጦ ስለነበር ደነገጠች። ምክንያቱን ለሟች ባለቤቴ እንኳ አውርቼላት አላውቅም ነበር። ለሀያት ያወራሁላት የዚያን ቀን ነው።

በእኛ ጊዜ ሜንተር የሚባል ነገር አናውቅም፤ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ "አለማማጅ" ነበር የሚለን። እውነቱን ለመናገር የተመዘገብኩት ለደግነት አይደለም። አለማማጅ የሆነ ሰው ከእንግዳው ጋር ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይሰጠው ነበር፤ እኔ ደግሞ ስምንት ሆነን አንዱ ሲያንኮራፋ ሰባታችን በምንነቃበት ክፍል ተሰላችቼ ነበር። እናም ቻንዳ ደረሰኝ። የዛምቢያ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እግሩ ከአልጋው ስለሚተርፍ ማታ ማታ ወንበር አስጠግቼለት ነበር የሚተኛው። የዚያን ጊዜ ሁላችንም ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሱሪ ለብሰን፣ ታኮ ጫማ ላይ ወጥተን፣ ፀጉራችንን አበጥረን ስንንጎማለል እሱ አንዲት ግራጫ ኮትና አንዲት ቀጭን ክራባት ብቻ ነበረችው። ኮቱ የአባቱ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ማዕድን የሚያመላልሰውን ባቡር ሐዲድ የሚያቀያይሩ። ቻንዳ በየእሑዱ በሰማያዊ ወረቀት ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፣ አንድም እሑድ ሲዘለው አላየሁም።

አቃቂን የወደዳትም በዚሁ በባቡር ምክንያት ነው። ቤተሰቤ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር የሚኖረው፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ሰው ነው፣ በኤንትሬ አሰብ የሚመላለስ። በአውቶቡስ ስሙኒ ከፍለን መድረስ ስንችል ቻንዳ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለገሃር ወስዶኝ ባቡር ያስጠብቀኛል። ቀላሏ ባቡር፣ ኦቶራይ የምንላት፣ ስትመጣ ደንዳና ሰውነቱን በመስኮት አስግጎ የሐዲዱን መገጣጠሚያ ይቆጥራል። አቃቂ ስንወርድ መጀመሪያ የሚቀበለን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽታ ነበር፤ የረጠበ ክርና የማቅለሚያ ሽታ። ዛሬም ልብስ ተኩሼ እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሲነካኝ ያች ጣቢያ ፊቴ ትቆማለች። ወንዙ ፋብሪካው በዚያ ሳምንት ያቀለመውን ቀለም ነበር የሚመስለው፣ አንድ ሰሞን ሰማያዊ፣ አንድ ሰሞን ቀይ። የፈረቃው ጡሩምባ ሲነፋ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ሽበት ሰፍሮባቸው እየሳቁ ይወጣሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም እንገዛና የሸክላ ማጫወቻው ላይ ሳክስፎኑ ሲያለቅስ እየሰማን እንቀመጣለን። አሁን ሐዲዱ የት እንደገባ እንጃ፤ በዚያ በኩል ባለፈው በባጃጅ ሳልፍ ሹፌሩን ብጠይቀው ባቡር እዚህ ነበር እንዴ አለኝ።

የአለማማጅነት ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ከሁሉ በላይ ያስተማርኩት ሰላምታ ነው። የእኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፣ ሰውዬውን ጠይቆ ማለፍ አይበቃም። እንዴት ነዎት፣ ደህና ነዎት፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ እናት እንዴት ናቸው፣ አባት እንዴት ናቸው፣ ልጆች፣ ጎረቤት። ቻንዳ አንዲትም ሳያጓድል ቅደም ተከተሉን ይዞ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያወርደው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደዱት። ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ከዚያው ከአቃቂ የጥንት ገበሬዎች ወገን የሆኑ ጎረቤት ነበሩን፤ እሳቸውን ሲያገኝ ከብቶቻቸውን ሳይቀር በኦሮምኛ ይጠይቃቸው ነበር። ቢሆንም ቻንዳ እንግዳ ነበር። መንገድ ላይ ሕፃናት ይከተሉታል፣ ዶርም ውስጥ ለኳስ ቡድን ሲከፋፈል አይጠራም፣ ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። አንድም ቀን ግን ሲያማርር አልሰማሁትም።

ቴሌግራሙ የመጣው ሐሙስ ቀን ነው፣ የዓመቱ ፈተና ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው። የቢሮው ጸሐፊ ለቻንዳ አልሰጠውም። እኔን አስጠርቶ በሩን ዘጋና ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። "አባት አርፏል። ቶሎ ድረስ። እየጠበቅንህ ነው" ይላል። እኔና ጸሐፊው ተያየን። ከሁለታችን አንዳችንም ወረቀቱን አሁን እንስጠው አላልንም። እንዴት ተደርጎ? መርዶ እንደ ደረሰኝ እጅ ላይ ተጥሎ የሚሄድ ነገር አይደለም። ሰው ባለበት፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ በማለዳ፣ ሳይርበውና ሳይደክመው፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ያንኑ ዕለት አቃቂ ወርጄ ለአባቴ ነገርኩት። ከአሰብ ገና መግባቱ ነበር፣ እጁ ላይ ግራሶ አለ። "ፈተና እስከ መቼ ነው?" አለኝ። እስከ ማክሰኞ አልኩት። "ታዲያ በሰው አገር፣ ብቻውን፣ ወረቀት አስጨብጠህ ልትገድለው ነው? ይጨርስና ወደዚህ አምጣው። እኛ እንነግረዋለን።" ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ የወረደ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው እስካሁን የሚያሳድዱኝ። ወሬው ከእሱ በስተቀር ሁሉም ጋ ደረሰ። ዓርብ ማታ የኳስ ቡድኑ አለቃ ራሱ ክፍላችን ድረስ መጥቶ ከፈተና በኋላ አብረኸን ትጫወታለህ ብሎት ሄደ። የካፌው ሰውዬ ሥጋ ጨመረለት። ሻይ ቤት ስንገባ ቦታ የሚለቅለት በዛ። ቅዳሜ አቃቂ ስንደርስ እናቴ ያለ ወትሮዋ ዶሮ አርዳለች። ቻንዳ ማዕዱን አይቶ በዓል ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ተረጎምኩላት። እናቴ ፊቱን ሳታይ፣ "ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል" አለችውና ጓዳ ገባች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። አመሻሹ ላይ ጣቢያው ጋ ቆመን ባቡር ስንጠብቅ ቻንዳ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነበርኩ። በዚህ ሳምንት ግን አገራችሁ ተቀበለኝ" አለኝ። አፉን በእጁ ሳይሸፍን ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐዲዱን አየሁ። ባቡሯም ዘገየች።

በማግስቱ እሑድ ነውና ደብዳቤውን ጻፈ። ሦስት ገጽ። ሰኞ በፖስታ ቤት በኩል የማልፈው እኔ ስለነበርኩ ለእኔ ሰጠኝ። ምን ጻፍክላቸው አልኩት፤ ስለ እናትህ ምሳና ስለ ኳስ ቡድኑ፣ እንዳያስቡ ብዬ፣ አለኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ባልልከው ሌባ ልሆን ነው፣ ብልከው ደግሞ ለማን ነው የምልከው። በመጨረሻ ቴምብሩን በምላሴ አርሼ ለጠፍኩትና ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩት። ሲወድቅ ሰማሁት።

ማክሰኞ ፈተናው አለቀ፤ ቻንዳን ድግስ አለ ብዬ አቃቂ ወሰድኩት፣ እኛው ቤት አደረ። ረቡዕ ማለዳ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ ሱብሒ ሰግደው በቀጥታ መጡ፣ ጋሽ ቱሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፣ አባቴ ከፊት ሆኖ አስገባቸው። ውጭ ሴቶቹ በዝምታ ተሰብስበዋል። ቻንዳ ሽማግሌዎች ሲገቡ አይቶ ከፍራሹ ላይ ተፈናጥሮ ተነሳ፤ ሸሚዙን እየቆለፈ አንድ በአንድ ጨብጦ ያን ያስተማርኩትን ሰላምታ ጀመረ። እንዴት አደሩ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ እናት እንዴት ናቸው፣ አባት እንዴት ናቸው። ሐጂ እንድሪስ እጁን አልለቀቁትም። ሁላችን መንገደኛ መሆናችንን፣ አላህ የሰጠውን እንደሚወስድ ተናገሩና ወደ እኔ ዞሩ። እንግሊዝኛ የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም። መርዶው ከእኔ አፍ ወጣ።

አላለቀሰም። "መቼ?" አለ። ሐሙስ አልኩት። በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፣ እንደ ሐዲዱ መገጣጠሚያ። "አልቀበሩትም። እኔን እየጠበቁ ነው" አለ። አልገባኝም፤ ማንን ነው የምትለው አልኩት። "አባቴን" አለኝ። በእነሱ ቤት የበኩር ልጅ ደርሶ የመጀመሪያውን አፈር ካልጨመረ አባት አይቀበርም፤ ሬሳው ሆስፒታል ተቀምጦ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ የምንቀብር ሰዎች ነን። "እየጠበቅንህ ነው" የሚለውን ጸሐፊው አንብቦታል፣ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ለአባቴ ተርጉሜለታለሁ፤ ሁላችንም ለቅሶው ነው የሚጠብቀው ብለን ነበር። ለቅሶ ደግሞ ስድስት ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ወር ይቆያል። የሞተ ሰው ልጁን ይጠብቃል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። ይህን ለአባቴ ስተረጉምለት ያ መሪ ጨብጦ ተራራ የሚወርድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ውጭ ሴቶቹ ልቅሶውን ጀምረው ነበርና ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም።

ቻንዳ ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኔን አይቶ፣ "ደግነታችሁ ለዚህ ነበር?" አለኝ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን ረጋ ብሎ፣ የእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው። የዚህ ሳምንቱ አዎን፣ የቀድሞው ግን አይደለም ብዬ ላስረዳው ስል እሱ ወደ በሩ ዞረ። አባቴ መኪናውን አስነስቶ፣ ያን ከባድ ኤንትሬ እያስጓራ፣ በቃሊቲ በኩል ከተማ ወሰደን፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ላይ ታች ስንል ዋልን። አውሮፕላኑ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ሁለተኛው ቴሌግራም ደረሰ፣ ይህንኛውን ማንም አልደበቀውም። "ከዚህ በላይ ማቆየት አልተቻለም። ትናንት ተቀብሯል። አጎትህ በአንተ ፋንታ ቆሟል" ይላል። ከእንግዲህ የሚሄድበት ነገር አልነበረውም፣ አልሄደም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አለማማጅ ተመደበለት፤ ራሱ ነው የጠየቀው። እኔም ስምንት ሆነን ወደምንተኛበት ክፍል ተመለስኩ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ አይሸሸኝም ነበር፣ ቢሸሸኝ በተሻለኝ። ይቆማል፣ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል፤ እንዴት ነህ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ አባትህ እንዴት ናቸው ብሎ አንዲት ሳያጓድል ይጠይቅና ያልፋል። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የለም። ተመርቆ እስኪሄድ እንዲሁ ነበር። ይቅር በለኝ ለማለት ስንት ጊዜ ተዘጋጅቻለሁ፤ ያ ሰላምታ እያለቀ እሱ ይሄድ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ልጅ ጻፈ ወይ ይለኝ ነበር።

ሀያት ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ጫማዋን ያኔ አወለቀች። "እሺ አባባ፣ እነግራታለሁ። ግን መጀመሪያ ወንድሟ ጋ ልደውል፤ አደራ ብሎኛል" አለች። ደስ አለኝ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ደወለች። እንግሊዝኛዬ ዝጓል ግን አልሞተም፤ እኔው ጠየቅኩት። ቀብሩ ይጠብቃታል ወይ አልኩት። አይጠብቃትም፣ ዛሬ ጠዋት ቀበርናት አለኝ። ልትመጣ ብትፈልግስ አልኩት። መሳፈሪያ ብናገኝላትም ለሰኞው ፈተና አትደርስም፣ ፈተናው ካመለጣት ደግሞ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል አለኝ። ቢሆንም እውነቱ ሊነገራት ይገባል ስለው ልጁ ማልቀስ ጀመረ። "እናቴ ናት አትንገሯት ያለችው፣ ከመሞቷ በፊት አስምላኝ ነው። አባባ፣ እባክዎ የእናቴን ቃል አያፍርሱብኝ" አለኝ። አባባ ማለትን እህቱ አስተምራው መሆን አለበት። ሀያት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሃምሳ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ለቻንዳ ነበር፤ ለአሊን የሚሆን አልነበረኝም። እሺ ልጄ አልኩትና ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ አሊን እንደ ልማዷ መጣች። ሰዓዳም ነገሩን ሰምታ ኖሮ ከማለዳ ጀምሮ ምድጃው ሥር ነበረች። የምትወደው ድንች ወጥ ተሠርቷል፣ ሥጋ ተጠብሷል፣ ሙዝ ሳይቀር ተገዝቷል። ሀያት ፀጉርሽን ልሥራልሽ አለቻት፤ ሰዓዳ የራሷን ነጠላ ለአሊን ትከሻ ጣል አደረገችላት። የታችኛው ቤት ጎረቤት ልጅቷን ለማየት ብቻ ጨው ልትበደር መጣች፣ አይታት ጨው ሳትወስድ ሄደች። እኔ ጥግ ላይ ወንበሬ ውስጥ ተቀምጬ አንዱን ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ ስኖረው ይታወቀኝ ነበር። ማዕዱ ቀርቦ ሁላችንም ስንከበው አሊን አልጎረሰችም። አንድ በአንድ አየችን።

"ዛሬ ሁላችሁም ደግ ሆናችሁብኝ" አለች። ስልኳን አውጥታ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች። "እናቴ ሦስት ቀን ስልክ አታነሳም። ወንድሜ ደግሞ ያነሳና ቶሎ ይዘጋል።"

ሰዓዳ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች። ሀያት አንገቷን ደፋች። አሊን ከሁሉም ዞራ ወደ እኔ ተመለከተች፣ የቤቱ ትልቅ ሰው እኔ ነኝና።

"አባባ፣ የሆነ ነገር አለ?"

ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ወላሂ ልነግራት ነበር። ፈተናዋ ሰኞና ረቡዕ ነው። ወንድሟ በጆሮዬ ውስጥ ያለቅሳል። ከእንጀራው ጠቅልዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ።

"ብይ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል" አልኳት።

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ጎረሰች።